የሰባተኛው አልጋ ጥያቄ

ልብስ ሰፊው የሞተው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ መርፌ በተወጋ በአሥረኛው ደቂቃ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ሰባተኛው አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ፊቱ አባብጧል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ፔኒሲሊን ተወግቷል። ይህን ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገም፤ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ደረቷን እየደቃች ተናግራዋለች። ያልታወቀው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው።

ቀድሞ የመጣው ፖሊስ ግን ጨርሼዋለሁ ባይ ነው። ዋናውን ሐኪም «ሕመምተኛውን ጠይቀውታል?» አለው። «አዎ።» «መድኃኒቱ እንዲቀየር አዘዋል?» «አዎ፣ በቃል።» «ነርሷ ሰምታለች?» «አዎ።» በሦስት አዎ ነርሷ ትዕዛዝ ጥሳ ሰው ገደለች ተባለ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጣቢያ ትወሰዳለች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እስቲ» ይሏታል፤ ጥያቄዋ ሁሉ በዚያች ቃል ስለሚጀምር። አዎና አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ስትሰማ ጥርሷን የሚያማት ሴት ናት። መጀመሪያ የአልጋውን ኮመዲኖ ከፈተች። ትንሽ ደብተር አገኘች፤ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል አጫጭር ነገሮች ተጽፈውበታል። «ውሃ።» «ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ።» «ባለቤቴ የት አለች?» መጨረሻ ላይ፦ «መርፌው የምንድን ነው?»

ነርሷ ዕቃ ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ኩርምት ብላለች።

«እስቲ ጠዋቱ እንዴት እንደነበር አጫውቺኝ።»

«ምን ሊረባኝ? ፈርዳችሁብኛል።»

መርማሪዋ ሌላ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። መጠበቅ ታውቅበታለች።

«መርፌው የምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ» አለች ነርሷ በመጨረሻ። «‹የታዘዘልዎ ነው› አልኳቸው፤ ደስ አላላቸውም። ተመልሼ ለዶክተሩ ብነግረው ‹ካርዱ ላይ ያለውን ስጪ፣ ሥራ አታስፈቺኝ› ብሎ ጮኸብኝ። ሰጠሁ። ተለማማጁ ሐኪም አጠገቡ ነበር፤ እሱ እንደሆነ አፉን ለጉሟል።»

ዋናው ሐኪም ደግሞ ወንበር እንኳ አልጋበዛትም።

«አንቺ ሕክምና የት ተማርሽ?»

«አልተማርኩም ዶክተር፤ የማስቸግርዎም ለዚሁ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ። እርስዎ ከሕመምተኛ ጋር ሲነጋገሩ እንዴት ነው የሚያደርጉት? እስቲ ከእኚህ ሰው ጋር የነበራችሁን ንግግር ከመጀመሪያው ያስረዱኝ።»

ሐኪሙ ኩራት ኩራት አለው። ወደ ኋላ ተደገፈ።

«አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የማይስማማህ መድኃኒት አለ ወይ አልኩት። ጎርነን ባለ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ ‹ፔኒሲሊን ዶክተር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ› አለኝ። ወጥቼ ለነርሷ ነገርኳት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ድምፁን ሳይቀር ማስታወስዎ ይገርማል።»

«ሕመምተኞቼን አውቃለሁ!»

መርማሪዋ ቃል በቃል ጻፈችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ካርድ በተቆለለበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሐኪሞች ክፍል ተሰበሰቡ። ነርሷና ፖሊሱ ጎን ለጎን ቆሙ። ተለማማጁ ጫማውን ያያል፤ ዋናው ሐኪም ሰዓቱን።

«ቶሎ በይ፤ ሰው ይጠብቀኛል» አላት።

«እርስዎንም ሰው ጠብቆዎት ነበር» አለችና ወደ ሟቹ ሚስት ዞረች። «እስቲ እናቴ፣ ባለቤትዎ ትናንት ምን እንደተደረገላቸው ይንገሩን።»

«ጉሮሮውን ተቀደደ። የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በገባች ቱቦ ነበር። ድምፅ አልነበረውም፤ በደብተር ነበር የምናወራው።»

የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ።

«ጎርነን ባለ ድምፅ ብለውኛል» አለች መርማሪዋ፣ ማስታወሻዋን እያሳየች። «ሰውየው ግን ዛሬ ማለዳ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲዛወር ካርዱ ብቻ ነው አብሮት የመጣው። የቀዶ ጥገናው ወረቀት የደረሰው እኩለ ቀን ላይ፣ ከሞተ በኋላ ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ካርዱ ስለ ሕመሙ የሚለው ‹ትኩሳት› ብቻ ነው። ስለዚህ ዶክተሩ ካርዱን እንጂ ሰውየውን አላዩትም። ቢያዩትማ ድምፅ እንደሌለው ያውቁ ነበር። ጠይቀውት ቢሆን መልሱ ደብተሩ ላይ ይገኝ ነበር፤ ፔኒሲሊን የሚል ቃል የለበትም። ነርሷ ጠየቁኝ ያለችኝ ግን አለ፦ ‹መርፌው የምንድን ነው?›»

«ይሄ ግምት ነው!» አምባረቀ ሐኪሙ።

መርማሪዋ ፊቷን አዞረች። «እስቲ ወንድሜ» አለችው ተለማማጁን፣ «የማለዳ ሥራችሁ እንዴት ነው የሚሄደው?»

ተለማማጁ ላቡን ጠረገ።

«የጠረጴዛ ዙር እንለዋለን። ሥራ ሲበዛ ካርዶቹን እዚህ ዘርግተን፣ ከወንበር ሳንነሳ እናዝዛለን። ሰባተኛው አልጋ ጋ ማንም አልሄደም። ነርሷ መጥታ ጠይቃለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አንተ! እኔ ሳልፈርምልህ ሐኪም ልትሆን?»

«ቀርቶብኝ» አለ ልጁ።

ፖሊሱ የነርሷን ጎን ለቆ ሐኪሙ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

የሟቹ ሚስት ደብተሩን ከመርማሪዋ እጅ ተቀብላ፣ ሐኪሙ ፊት ሄደች።

«እኔ እኮ የእሱ ክፍል በር ላይ ነበርኩ» አለችው። «ከማለዳ ጀምሮ፣ አግዳሚው ላይ። ሲያልፉ ብድግ ብዬ ሰላም ብዬዎታለሁ። አንድ ቃል ለመጠየቅ ምን ከለከለዎት?»

ይህ በአዎ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም።