የካፒቴን ጓንት ያለፈ ታሪክ

ጋሼ ደብተሩን የከፈቱት በተሳሳተው በኩል ነበር። ሳህን እያጠበች የነበረችው እርሳስ በወጥ ቤቱ በር ስታያቸው፣ ከነአረፋ እጇ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ማንጋ፣ የጃፓኖቹ በሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ እሷም የሳለችው እንደዚያው ነው። ጋሼ ግን እንደማንኛውም ደብተር ከግራ ገለጡና የመጨረሻው ገጽ ላይ አረፉ፤ የክፍሏ ልጆች ድምፅ የሰጡበት ገጽ ላይ።

«እርሳስ» ያሏት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ ከጆሮዋ ላይ እርሳስ ስለማይጠፋ። ስለ ባሕር ወንበዴዎች የምትስለው ታሪክ በአንዲት ደብተር ከወንበር ወንበር እየዞረ ይነበባል። ከወንበዴዎቹ ሁሉ በላይ ልጆቹ የወደዱት ግን አሳዳጃቸውን መኮንን፣ ካፒቴን ጓንትን ነበር። አንድ ቀን የወንበዴ መርከብ ከነሰዉ ያቃጥላል፤ በማግስቱ ምሳውን ለእስረኛ ልጅ ይሰጣል። ጓንቱን አውልቆ አያውቅም። «ይሄ ሰውዬ የደበቀው ነገር አለ፤ ቶሎ አውጪው» እያሉ ነዘነዟት። ምን እንደደበቀ ግን እሷም አታውቅም ነበር።

ያወቀችው ከጋሼ ነው። ጋሼ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል መኮንን፣ አሁን ሳሎኑ ጥግ ተቀምጠው የሰው ሬዲዮ የሚጠግኑ፣ ከአፋቸው ቃል በወረንጦ የሚወጣ ሰው። አንድ ቅዳሜ የሳለቻትን መርከብ ገመዶች ሲያርሙላት ቆዩና ሳትጠይቃቸው ነገሯት። በወጣትነታቸው በጥበቃ ጀልባ ኮንትሮባንዲስቶችን ሲያሳድዱ አንዷ ጀልባ ተገለበጠች። ሁለት ሰዎች ውሃው ውስጥ ሆነው እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። አለቃቸው መጀመሪያ ሌላዋን እንያዝ ብሎ ጥሏቸው አለፈ። ሲመለሱ ማንም የለም። መዝገቡን የያዙት ጋሼ ነበሩ፤ «ውሃ ላይ ሰው አልታየም» ብለው ጻፉ። ይህን ለእናቷ እንኳ ነግረው አያውቁም።

በሳምንቱ ካፒቴን ጓንት ያለፈ ታሪክ ኖረው። ክፍሉ ቀውጢ ሆነ። ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት ከጭንቅላቴ ነዋ አለች፤ ስትለውም ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ካፒቴኑ ምን ይደረግ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። አንዱ ለሻርክ ይሰጥ ብሎ ጻፈ። ሌላው ከሥሩ ሻርኩ ምን አደረገ፣ ሆዱን ይቆርጠዋል ብሎ ጨመረበት። «እሱም ውሃ ውስጥ ይቅር፣ ማንም አይየው» የሚልም ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ገጹን አንድ በአንድ ገለጡ። መጀመሪያ ፍርዱን አዩ፤ ከዚያ መዝገቡን፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ ያሉትን እጆች፣ በመጨረሻ አዲስ የደንብ ልብስ የለበሰውን ወጣት። እርሳስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ነይ ተቀመጪ» አሏት። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር።

ካፒቴኑ ጓንቱን አውልቆ የሚያለቅስበትን ሥዕል በጣታቸው ነኩት። «ይሄ ልክ አይደለም። እኔ አላለቀስኩም። እራቴን በልቼ ተኛሁ። ልቅሶው የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው።»

እንባውን የጨመረችው ልጆቹ እንዲወዱላት ነበር።

ጋሼ ወደ ድምፁ ገጽ ተመለሱ። «ይቺ ያንቺ እጅ ጽሑፍ ናት አይደል?» የጠቆሙት «ማንም አይየው» የሚለውን ነበር።

አይደለችም ማለት ትችላለች። አብራት የምትቀመጠው «ዜና» የሚሏት ልጅ ጽሑፏ ከእሷ ጋር ይመሳሰላል፤ በሷ ልታሳብብ ትችላለች። ስትጽፈው ትዝ አላት። ሁሉም ይስቅ ነበር፤ እሷም ከሁሉም የባሰ የሚያስቅ ነገር ልትጽፍ ፈልጋ ነበር። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ነደደ። በራሷ አፈረች።

«የኔ ናት» አለች።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብተሩን ዘግተው ወደ እሷ ገፋ አደረጉና የፈቱትን ሬዲዮ ወደ መግጠም ተመለሱ። እርሳስም ወደ ሳህኖቿ ሄደች፤ የታጠቡትን ሳይቀር ደግማ አጠበች።

በማግስቱ ገና ከክፍሉ በር ሳታልፍ ከበቧት። የመጨረሻው ምዕራፍ የሚደርሰው ዛሬ ነበር። ዜና እጇን ዘረጋች። «አምጪው በይ። ሰጠመ አልሰጠመም?»

«አላመጣሁትም። ከዚህ በኋላም አልስለውም።»

ሙድ እየያዘችባቸው የመሰላቸው ሳቁ። እርሳስ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። «ታሪኩ ከጭንቅላቴ አልመጣም» አለች። «የሰው ነው። አምኖ የነገረኝን ሳላስፈቅድ ነው የሳልኩት።»

«እና እስከ ዛሬ ስትዋሺን ነው የከረምሽው?» አለች ዜና።

«አዎ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ሁሉም አፍ አፏን ያያሉ። ብትነግራቸው ውሸቷን እዚያው ይረሱላት ነበር፤ ከካፒቴኑ የበለጠ የሚያጓጓ ወሬ ይሆንላቸዋል። እርሳስ ተቀምጣ የሒሳብ መጽሐፏን አወጣች።

«እሱን አልነግራችሁም።»

ዜና ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሌላ ወንበር ሄደች። እርሳስ ጥያቄ ቁጥር አንድን መሥራት ጀመረች።