ሸጌ መጣ ብዬ

«ስሚው እስኪ፣ የሰፈራችሁ ልጅ እኮ ናት» አለ የባጃጁ ሹፌር፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ።

የትናየት ሰማች። ድምፁ የጓደኛዋ የውባንቺ ነው። ግጥሙ ግን፣ ወይ ጉድ፣ የራሷ ነው።

ሸጌ መጣ ብዬ፣ በሩን ብከፍትለት፣
በዓይን ጠቀሰኝና፣ ልቤ ቀለጠለት።

የራሷ የሆነው ግን የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከየት እንዳመጣችው ውባንቺ ራሷ ትወቅ።

የትናየት ለአሸንድዬ በዓል ነበር የገጠመችው። ልጃገረዶቹ አሸንድዬ የሚሉትን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው በየደጁ ሲዞሩ የቤቱን ልጅ በስም እየጠሩ ያወድሳሉ። ሰፈሩ ሞላ የሚለውን ታላቅ ወንድሟን እናቷ ሸጌ ትለዋለች። ሞላ በጅቡቲ አድርጌ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ አልደወለም። የትናየት ክረምቱን ሙሉ ልብስ እያጠበች አንጎራጎረች። መጀመሪያ «ናፈቅኸኝ» አለች፤ ናፈቅኸኝ የማይል ዘፈን የት አለ፣ ተወችው። አንድ ቀን ከአሸተን ተራራ በኩል የመጣ ንፋስ መዝጊያውን ሲያንኳኳው፣ ምስር ትለቅም የነበረችው እናቷ ልጇ የመጣ መስሏት ሰፌዱን ደፍታ ወደ በሩ ሮጠች። ግጥሙ ያኔ መጣ፦

ሸጌ መጣ ብዬ፣ በሩን ብከፍትለት፣
ንፋስ ሆኖ አገኘሁ፣ የተነሣሁለት።

ለውባንቺ ብቻ ዘፈነችላት። ውባንቺ አልቅሳ ነበር። አሁን የትናየትን ያንገበገባት ያ ለቅሶ ነው።

ከበሮዋን አንግታ ውባንቺ ቤት ስትደርስ ጓደኛዋ የጥልፍ ቀሚሷን እያስተካከለች ነበር።

«ሳትነግሪኝ ቲክቶክ ላይ ለጠፍሽው?»

«ኧረ አታካብጂ፣ የትናዬ። ሰው እኮ አበደለት። የሚያስለቅስ ዘፈን ማን ሼር ያደርጋል?»

«ሸጌ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ። ለሌላው ሰው ሸጌ ማለት ቆንጆ ማለት ነው፣ አለቀ።»

የትናየት የከበሮውን ማንገቻ ጠበቅ አደረገች። ያንን ስም ለውባንቺ የነገረቻት ራሷ ናት። ከበሮውን ጥላ ብትሄድ በወደደች፤ ግን ዛሬ እናቷ ደጅ የሚዘፈነውን ለማንም መተው አልሆነላትም።

ውባንቺ እያወጣች፣ ልጃገረዶቹ እየተቀበሉ፣ የትናየት እየመታች ዞሩ። በየደጁ ያው ዘፈን ነው የሚለመነው። የነየትናየት ደጅ ሲደርሱ ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ አለች።

«እዚህ አታውጪው። እባክሽ።»

ውባንቺ ስልክ ደግነው የሚቀርጿትን ልጆች አየችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሸጌ መጣ ብዬ...»

በሩ ተበረገደ። የትናየት እናት ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ወጣች። ልጃገረዶቹን አላየቻቸውም፤ ከኋላቸው ያለውን መንገድ ነው ያየችው።

«የታለ?» አለች።

ልጃገረዶቹ ሳቁ፤ ጨዋታ መስሏቸው ነው። ውባንቺ አልሳቀችም። የቀረው ግጥም አፏ ላይ ቀረ።

የትናየት እጇን ከበሮው ላይ አሳረፈች። «የሰረቀችኝ እሷ ናት» ብላ እዚያው ልታዋርዳት ትችል ነበር፣ ቃሉም ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷ ግን ገና መንገዱን እያየች ነው። የትናየት ዝግ አድርጋ መምታት ጀመረች፤ ከዚያ ራሷ አወጣች።

ሸጌ ማለት ሞላ፣ ወንድሜ ነውና፣
በሩን አልዘጋንም፣ ካለህበት ቶሎ ና።

ልጃገረዶቹ ሊቀበሏት አልቻሉም፤ ግጥሙን አያውቁትማ። መጀመሪያ የተቀበለችው ውባንቺ ናት። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። የትናየት የጓደኛዋን ድምፅ ለየችው፤ ፊቷን ግን ወደ እሷ አላዞረችም።

«ድገሚልኝ» አለች እናቷ፣ መዝጊያውን እንደያዘች።

ደገመችላት።