ድምፁን ማን አጠፋው?

ኮምፒውተሩ ዛሬም ዝም። ሚጣ ከጓደኞቿ ጋር በድምፅ የቀዱትን ድራማ ከፈተች፤ ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር ይዘላል፣ ስፒከሩ ግን ትንፍሽ አይልም። ገመዱ ተሰክቷል፣ ድምፁም እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

ሴቲንግ ውስጥ ስትገባ ያው የትናንቱ ጉድ ጠበቃት። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ድምፁን የሚልከው ወደ ስፒከሩ ሳይሆን ወደ ስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ስፒከር የለውም። ትናንት ማታ በገዛ እጇ አስተካክላው ነበር።

የከፋው ነገር፣ ዛሬ ጓደኛዋ ቀጮ አልመጣችም።

ትናንት ነገሩ ግልጽ ነበር። ሚጣ ከድራማው ላይ የቀጮን ንግግር ግማሹን ቆርጣለች፤ ቀጮም አኩርፋለች። ሚጣ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ ቀጮ ኮምፒውተሩ ጋ ብቻዋን ቀርታለች፤ ኋላ ሁለቱም ምሳ በልተው ሲመለሱ ድምፁ ጠፍቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ሚጣ በድራማ ቡድናቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እጅ ከፍንጅ ይዣታለሁ» ብላ ጻፈች። ቀጮ «አልነካሁም» ስትል ሁሉም «ዓይኗን በጨው አጥባ!» እያሉ ተረባረቡባት። በመጨረሻ «እሺ፣ እኔ ነኝ። በቃ ተዉኝ» አለችና ከግሩፑ ወጣች።

ታዲያ ዛሬ ማን ነካው? ሚጣ መስኮቱን አየች፤ ተዘግቷል። ታናሽ ወንድሟንም ጠረጠረችው፤ እሱ ግን ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰም።

ልብስ ሰፊው አባቷ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከስፌት ክፍሉ ብቅ አለ።

«ሚጣዬ፣ ዛሬም ስክሪኑን ሳታጠፊው ሄድሽ። እኔ ባላጠፋልሽ ይሄኔ ተቃጥሎ ነበር።»

«ትናንትስ አባዬ?»

«ትናንትም እኔው ነኝ። ማን ያጠፋልሻል?»

ሚጣ ድምፁን ወደ ስፒከሩ መለሰችው። ቤቱን የቀጮ ድምፅ ሞላው። የስክሪኑን ቁልፍ ተጭና አጠፋችው፤ መልሳ አበራችው። ጸጥ። ደግማ ሞከረችው፤ አሁንም ያው። ስክሪኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ኮምፒውተሩ አዲስ ዕቃ የተሰካ እየመሰለው ድምፁን ወደዚያ ይወስዳል። ሚጣ ክው አለች።

«ቀጮ ግን እኔ ነኝ ብላ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ያላደረገችውን? ለምን ብላ?»

«እንድንተዋት ነዋ!» አለችና አፈረች።

ስልኳን አወጣችና ለቀጮ ለብቻዋ «ይቅርታ» ብላ ጻፈች። ሳትልከው አየችው። ስድቡን ያየው ሰው ሁሉ ይህችን መልእክት አያያትም። አጠፋችውና ግሩፑን ከፈተች።

«ቀጮ አልነካችውም። ድምፁ የሚጠፋው ስክሪኑ ጠፍቶ ሲበራ ነው። ሳላጣራ የከሰስኳት እኔ ነኝ።»

ወዲያው ከጓደኞቿ አንዱ መለሰ፦ «ቆይ፣ በባዶ ሜዳ ነው እንዴ ያሰደብሻት?»

«እሷም እኮ እኔ ነኝ ብላ…» ብላ መጻፍ ጀመረች። ሰረዘችው።

«አዎ» ብላ ላከች፤ ከዚያም ወደ ቀጮ ቤት ልትሄድ ጫማዋን አደረገች።