ዲ ላይ ያለ አይነካም

ላፕቶፑ ለአራተኛ ጊዜ ጥቁር ስክሪን አሳይቶ ዝም አለ።

«እምቢ አለ?» አለ ኬብል፣ ከአልጋው ጫፍ ሳይነሳ።

«እምቢ አለ» አለች ጉንዳን።

ጉንዳን ብሎ ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ትንሽ ናት፣ ደግሞ እጇ ባዶ ሆኖ አይታይም፤ ወይ ባልዲ፣ ወይ የታጠበ ልብስ፣ ወይ ከሷ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክማ ነው የምትገኘው። በዚያ ቅዳሜም ከማለዳ ጀምራ የእናቷን የሥራ ልብስ አጥባለች፣ ውሃ ቀድታለች፣ ወለል ወልውላለች። ላፕቶፑ ፊት የተቀመጠችው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እንደ እረፍት ቆጥራው ነበር።

ኬብል የክፍል ጓደኛዋ ነው። ረጅምና ቀጭን ነው፣ ከኪሱም የሆነ ገመድ አይጠፋም። አጎቱ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር ይጠግናሉ፤ በእሳቸው የተነሳ ሰፈር ውስጥ ስልክ ሲበላሽም ቴሌቪዥን ሲንጫጫም የሚጠራው እሱ ነው። ከሥራው ግማሹን ያውቀዋል፤ ግማሹን በድፍረት ይሞላዋል።

ከፍላሽ ሊጭኑበት የሚሞክሩት ሊኑክስ ነበር። የኮምፒውተር መምህራቸው ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ነግረዋቸዋል፤ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጭነው፣ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ስርዓተ ክወና ነው። «የደከመ ኮምፒውተር ያነቃል» ብለው ነበር። ጉንዳን ይህን ስትሰማ ወዲያው ትዝ ያላት የእናቷ ላፕቶፕ ነው።

እናቷ ነርስ ናት፤ ሰፈርተኛውም በሽተኛውም «ሲስተር» ነው የሚላት። የማደንዘዣ ሕክምና ለመማር ሁለት ጊዜ የመግቢያ ፈተና ወስዳ ሁለቴም ለጥቂት ወድቃለች። ሦስተኛው ፈተና ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ፊደሉን በሁለት ጣት እየለቀመች ማስታወሻዋን የጻፈችው በዚህ ላፕቶፕ ነው። እሱ ግን ለመከፈት ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ቀን እሱ ሳይነቃ እሷ ትተኛለች።

«ማስታወሻዬ እንዳይጠፋ ብቻ» ብላ ነበር ጠዋት ስትወጣ። «ሌላው የራሱ ጉዳይ።»

ኬብል በመጨረሻ ተነስቶ መጣ። ማሽኑን አጥፍቶ አበራና አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ ሲመታ ሰማያዊ ገጽ ወጣ።

«ከፍላሹ እንዲነሳ አልነገርሽውም እኮ። ሰው ካልነገሩት ያውቃል እንዴ?»

«አንተ ነህ ነግሬዋለሁ ያልከው።»

«አታካብጂ፤ ይኸው ተነሳ።»

እውነትም ተነሳ። አዲሱ ስርዓት ራሱን እያስተዋወቀ ቋንቋ ጠየቀ፣ የሰዓት አቆጣጠር ጠየቀ፣ ስም ጠየቀ። ጉንዳን ተራ በተራ መለሰችለት።

«ማስታወሻውን ገልብጠኸዋል አይደል?» አለች። ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሌላ ፍላሽ ላይ እንዲገለብጥ ነግራው ነበር።

«ገልብጫለሁ።»

ቀጥሎ የመጣው ገጽ አንድ ረጅም መስመር አሳያት። ዲስኩ ነው። ከሥሩ ምርጫዎች ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ መጫን የሚል ነው፣ ከጎኑም በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለው።

«ዲ የታለች?» አለች።

«ሊኑክስ በሌላ ስም ነው የሚጠራት። ባክሽ ቀጥይ፤ ዲ ላይ ያለ አይነካም።»

ይህን ነገር ጉንዳንም ታውቀዋለች። ኮምፒውተር ጥገና ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመለስ ምክር ነው። ኮምፒውተር ሲ እና ዲ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሲ በየጊዜው ይታመማል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጫናል። ዲ ግን እንደ ጓዳ ነው፤ የከበረ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሲስተርም ይህንኑ ሰምታ ማስታወሻዋን ያስቀመጠችው ዲ ላይ ነበር።

ጉንዳን ማስጠንቀቂያውን አነበበችው። «ሁሉንም» የምትለውን ቃል በደንብ አይታታለች። ነገር ግን ወገቧ ይጠዘጥዛታል፣ ዓይኗ ተቃጥሏል፣ አራት ጊዜ እምቢ ያላት ማሽንም በስንት መከራ እሺ ብሏል። ወደኋላ ተመልሶ ለማጣራት አቅም አልነበራትም። የመጀመሪያውን ምርጫ ተጫነችው።

መጫኑ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ያደከማቸው ማስተካከሉ ነው። መጀመሪያ ዋይፋዩ አልታይ አለ፤ ኬብል የራሱን ስልክ አገናኝቶ ኢንተርኔት ሰጠውና የጎደለውን አወረዱለት። ቀጥሎ ድምፁ ጠፋ። የአማርኛውን መጻፊያ ለማስገባት ደግሞ ሁለት ሰዓት ታገሉ፤ «ሰ» ሲሉት «ሸ» እያመጣ ሲያሾፍባቸው ቆይቶ በመጨረሻ ተገራ። ጉንዳን የእናቷ ዓይን ቶሎ እንደሚደክም ስለምታውቅ ፊደሉን ሁሉ አሳደገችው፤ የስክሪኑንም ብርሃን ቀነስ አደረገችው። ማሽኑን አጥፍታ ስታበራው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተከፈተ። ድካሟን ረስታ ሳቀች።

ከዚያ ዲን ልትከፍት ፈለገች። ዲ የለችም።

አንዱን ከፈተች፣ ሌላውን ከፈተች። ኬብልም ማውሱን ተቀብሏት እየተቻኮለ ፈለገ። ያለው አንድ ዲስክ ነው፤ እሱም አዲስ የተለቀለቀ ቤት መስሎ ባዶ ነው።

«ፍላሹን አምጣው» አለች።

ኬብል ኪሱ ገባ፣ ገመድ አወጣ፣ መልሶ ከተተው።

«እሺ ስሚኝ፣ ግን አትቆጪ። ፍላሹ ሞልቶ ነበር። ፊልም አለበት። ዲ ላይ ስለሆነ ምንም አይሆንም ብዬ…»

«ገልብጫለሁ ብለኸኛል።»

«ብያለሁ።»

ጉንዳን አልጋው ላይ ተቀመጠች። በጣም ተናደደችበት። ቀይዋ ጽሑፍ ትዝ ስትላት ደግሞ ንዴቱ ወደ ራሷ ዞረ፤ ያ ይብስ ነበር።

«አጎትህ ጋ እንውሰደው። የጠፋ ፋይል ያወጣሉ ብለኸኝ ታውቃለህ።»

«አንዳንዴ ያወጣል። የጠፋው ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ አለ፤ በነካነው ቁጥር ነው የሚሸፈነው። ግን ምን ምን እንደነካን፣ ማን እንደነካው አንድ በአንድ ይጠይቃል። እኔ መሆኔን ካወቀ ሱቁን አያስረግጠኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዲስኩ ሞተ እንበላት። አሮጌ ነው፣ ማን ያውቃል? ፈታ በይ።»

ጉንዳን ሳትመልስለት በሩ ተከፈተ።

«ደህና ዋሉ ሲስተር» አለ ኬብል ዘሎ ተነስቶ።

«ደህና ዋልክ የኔ ልጅ። ቁጭ በል፣ ቁጭ በል።»

ሲስተር ቦርሳዋን አስቀምጣ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠች። አንድ ጫማዋን አውልቃ ሁለተኛውን ሳትፈታ ላፕቶፑን ስትከፍተው ስክሪኑ በራ። ገና ሳትደገፍ ተከፍቶ ጠበቃት።

«ይሄ የኔ ነው?» አለች። «ፊደሉንም አሳደግሽልኝ? እሰይ የኔ ጉንዳን።» ከዚያ እንደ ልማዷ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች ፈለገች። «ማስታወሻዬስ የት ነው ያለው?»

ጉንዳን ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች። ኬብል ቀደማት።

«ሲስተር፣ ዲ ያለበት ወገን አርጅቶ ኖሮ… ሥራ ላይ እያለን ሞተብን። የተረፈው ሲ ብቻ ነው።»

ሲስተር ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው።

«እናንተ ምን ታደርጉ» አለች። «ለእኔ ብላችሁ ነው ቀኑን ሙሉ የለፋችሁት። ዕቃ ነው፤ ያረጃል።» ወደ ልጇ ዞረች። «ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም» አለች ጉንዳን፤ ማልቀስ ፈለገች።

«ሂጂ ብዪ። ጓደኛሽንም አብዪው። እኔስ ተገላገልኩ። ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ ነገር በሦስተኛው እሺ ሊል ነው? አልተጻፈልኝም። ሰኞ ስሜን ከፈተናው ዝርዝር አሰርዛለሁ።»

እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ዓይኗን ጨፈነች። ጉንዳን እናቷ ስታለቅስ አይታ ታውቃለች። ስትተው ግን አይታት አታውቅም።

ኬብል በዓይኑ «አለፈ» አላት። ውሸቱ እሷ ሳትናገር ተነግሮ፣ ይቅርታውም ሳይጠየቅ ተሰጥቶ አልቋል። የቀራት ዝም ማለት ብቻ ነው። ዳቦውን ለማውጣት ወደ ማድቤት ሄደች፣ ቢላውን አነሳች፣ አስቀመጠችው፣ ተመለሰች።

«እማ፣ ዲስኩ አልሞተም።»

ሲስተር ዓይኗን አልገለጠችም። «ምን?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሁሉንም ያጠፋል የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። አንብቤዋለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ዝም ብዬ ተጫንኩት።»

አሁን ዓይኗን ገለጠች። «አንብበሽ?»

«አንብቤ።»

«ደክሞኝ ነበር ነው የምትይኝ?» ድምጿ ከፍ አላለም። «እኔም ይደክመኛል እኮ። ደክሞኛል ብዬ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ሳላይ ብወጋ…» አልጨረሰችውም። ፊቷን አዞረች። «አሥራ አራት ወር ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።» ጉንዳን እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «የኬብል አጎት ሊያወጡት ይችሉ ይሆናል። ግን አሁኑኑ መሄድ አለብን፤ የነካነውንም በሙሉ መንገር አለብን።» ላፕቶፑን አጠፋችው፣ ማንም ዳግም እንዳይከፍተው ባትሪውን ነቅላ አወጣችው።

ሲስተር ያወለቀችውን ጫማ ታግላ መልሳ አደረገች። እግሯ ስላበጠ ቶሎ አልገባላትም።

ኬብል በሩ ላይ እንደ ቆመ ነበር። ስታልፈው «ጉንዳን…» አላት በሹክሹክታ።

«የፍላሹን ነገር እኔ አልናገርም» አለችው። «እሱ ያንተ ነው።»

ሱቁ ሩቅ ባይሆንም መንገዱ ረዘመባቸው። ሲስተር ከፊት ትሄዳለች፣ ጉንዳን ላፕቶፑን አቅፋ ትከተላለች፣ ኬብል ከኋላ አንዴ ይቀርባል አንዴ ይርቃል። ሲስተር አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም።

ጠጋኙ አጎት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የተፈታ ስልክ ላይ አቀርቅረው ነበር። ነገሩን ገና በጅምሩ ሲሰሙ የያዙትን ወደ ጎን ገፉት።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ። የነካችሁትን አንዱንም ሳታስቀሪ።»

ጉንዳን ነገረቻቸው። የቀዩን ጽሑፍ፣ የወረደውን ነገር፣ የድምፁን፣ የፊደሉን፣ ስንቴ እንዳጠፉ ስንቴ እንዳበሩ። ስለ ግልባጩ ሲጠይቋት ዝም አለች። ሲስተር ከበሩ ተደግፋ ትሰማለች።

«ገልብጫለሁ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ ኬብል መሬት እያየ። «ፍላሹ ላይ ፊልም ነበረበት።»

አጎቱ ቀና ብለው አዩት። «ለመሆኑ ፊልሙን ጨረስከው?» አሉ። «ማታ አንተና እኔ እንነጋገራለን።»

ዲስኩን ፈትተው አወጡና ከራሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ብዙ ከተጠበቀ በኋላ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«ዲ የነበረችው ከመጨረሻው በኩል ነው፤ አዲሱ ነገር የተጻፈው ደግሞ አብዛኛው ከመጀመሪያው በኩል። የተወሰነው ይወጣል። ሁሉም ይወጣል ብዬ አልዋሽም። ደግሞ የሚወጣው ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ተለጥፎበት ነው የሚመጣው፣ ሦስት ሺህም አራት ሺህም ሊሆን ይችላል። የሲስተርን ማስታወሻ ከፎቶውና ከኮተቱ እያንዳንዱን እየከፈተ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ለዚያ ጊዜ የለኝም።»

«እኔ እለየዋለሁ» አለች ጉንዳን።

«ቀናት ይፈጃል።»

«እሺ።»

ጠጋኙ ሲስተርን አዩ። እሷ አሁንም የምትመለከተው ልጇን ሳይሆን ስክሪኑን ነው።

«መጀመሪያ የልብና የደም ዝውውሩን ምዕራፍ ፈልጊ» አለች። ንዴቷ ከድምጿ አልወጣም። «እሱ ከሌለ ዛሬውኑ ንገሪኝ። ዘጠኝ ቀን አለኝ፤ እንደገና እጽፈዋለሁ።»

ጉንዳን ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ቁጥር ከፈተችው። የማታውቀው ሰው ፎቶ ነበር። ዘጋችውና ሁለተኛውን ከፈተች።