የዝንጅብሉ ሩዝ

ስርጉት የመጨረሻዋን የቅመም መጠቅለያ ወረቀት እሳት ውስጥ ልትጥላት ስትል ዓይኗ ከወረቀቷ ጀርባ ላይ አረፈ። ከዐረብኛው ጽሑፍ ሥር በደቃቅ እንግሊዝኛ «የዶሮ ስብ» ይላል። ክው አለች። ከወረቀቷ ፊት ላይ የተሳለችው ዶሮ እኮ የፋብሪካው ምልክት መስላት ነበር!

ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው።

ባለሙያ ልባል ስትል ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣባት። እናቷ ለሕክምና ጎንደር ከሄደች ወዲህ፣ ኮኪት አጠገብ ባለው የሰሊጥ እርሻቸው ከደጋ ለአረም ለወረዱት ሠራተኞች የምታበስለው እሷ ናት። ሽሮው ሲሰለቻት የመተማዋ ጓደኛዋ ሩፊዳ «የቻይና ሩዝ ሞክሪ፣ ያብዳሉ!» ብላ አሠራሩን በስልክ፣ ከአባቷ ሱቅ ደግሞ የአኩሪ አተር ሶስና ቅመም በትራክተር ላከችላት። ስርጉትም ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጠበሰች፤ ሩዙን በሶሱ አጠቆረች፤ ቅመሙን ፈርፍራ የተቆላ ሰሊጥ ነሰነሰችበት።

ሌሎቹ ገና ከማሳ አልተመለሱም። የጎጃሙ አባባ ገብረማርያም ግን ወባ ጥሏቸው ዳሱ ውስጥ ተኝተዋል። ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰሃን ጥርግ አደረጉ።

«ተባረኪ፣ የኔ ልጅ! ሆዴ እሺ ያለኝ ዛሬ ነው። እስኪ ድገሚኝ፣ ኪኒኗን ልዋጥበት።»

ስርጉት ወረቀቷን ይዛ ወደ አባቷ ሮጠች።

«ዝም በይ!» አላት በሹክሹክታ። «ሩዙም ዱቄቱም ሽሮውም አልቋል፤ ትራክተሩን ጭቃ ይዞታል። የማታውንም የነገውንም ኪኒን በባዶ ሆዳቸው እንዳይውጡት ነርሷ አስጠንቅቃናለች። ደግሞ ሳያውቁ የበሉት ምን ኃጢአት አለው?»

«እኔ ግን አውቄያለሁ እኮ፣ አባዬ።»

አባቷ ፊቱን አዙሮ ጭቃው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ማየት ያዘ።

ስርጉት ጨነቃት። አባባ ገብረማርያም ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ፍልሰታን ገድፈው አያውቁም። ብትነግራቸው ከዚህ ድስት ዳግመኛ አይቀምሱም፤ ሌላ የምትሰጣቸው ደግሞ የላትም። ወደፊት ገደል፣ ወደኋላ ገደል ሆነባት። እንባዋ መጣ።

«ልጄ፣ አልቋል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ከዳሱ።

«አላለቀም፣ አባባ።»

ጭልፋውን ሩዙ ውስጥ ነከረችው። የመጀመሪያውን ሰሃን ስትሰጣቸው አላወቀችም ነበር። ሁለተኛውን ግን አውቃ ልትሰጣቸው ነው። እጇ እንቢ አላት።

ጭልፋውን አስቀመጠችና ባዶ እጇን ሄዳ መኝታቸው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አባባ» አለች። «አንድ ነገር ልንገርዎት።»