የጡቡ ቤት መርዶ

አቶ ገብረክርስቶስ ሞተው የተገኙት ለሽያጭ በቀረበው ቤታቸው ደረጃ ሥር፣ እስከ ፊታቸው ጋቢ ለብሰው ነው። ያገኛቸው ደላላው ባስልኤል ነበር፤ ማምሻውን ቤቱን ለገዢ ሊያሳይ በሩን ሲከፍት።

ማስታወቂያው «ግርማ ሞገስ ያለው ጥንታዊ የገጠር ቤት፤ ከኋላው ተራራ፣ ከፊቱ ባሕር» ይላል። ባሕር የተባለው ከቶሮንቶ በስተሰሜን ያለው ጆርጂያን ቤይ፣ ሐይቅ ነው። ተራራውንም የደብረ ታቦር ሰው ቢያየው ጉብታ ብሎ ያልፈዋል። የቀይ ጡቡ ቤት ግን እንደተባለለት ነበር። ሽማግሌው ፍርስራሹን ገዝተው፣ የደረጃውን መደገፊያ በገዛ እጃቸው ጠርበው ያቆሙት ነው።

መርማሪ ተናኜ ከቶሮንቶ የተጠራችው የሟቹን ቋንቋ ስለምታውቅ ነው። ከሬሳው አጠገብ ከግቢው የተነቀለው የሽያጭ ሰሌዳ ወድቋል።

«ከደረጃ ወድቀው ነው» አላት የአካባቢው ፖሊስ፣ ሳጅን ማርቲን።

«ወድቀውስ ወድቀዋል። የሞተ ሰው ግን ተነሥቶ ጋቢ አይከናነብም። ባዳ ደግሞ ገድሎ አያለብስም።»

ከሟቹ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ባስልኤል፣ ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ሆሣዕናና ፓርክዴል ሰፈር የሚኖረው ታናሿ እዝራ።

«ባስልኤል፣ ለማን ኮል አደረግህ?»

«ለፖሊስ ብቻ! ምን ቆርጦኝ መርዶ በስልክ እናገራለሁ? ደላላ ነኝ እንጂ ጅብ አይደለሁም።»

«ልዩነታችሁን ሌላ ቀን ታስረዳኛለህ። እስኪ ስልክህን አምጣ።»

ስልኩን አገላብጣ አየች። እውነቱን ነው። እስኪነጋ ድረስም እሷው ዘንድ አቆየችው።

ጎህ ሲቀድ እንደ ወጉ ቄስ ገብረእግዚአብሔርንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዛ ሪጀንት ፓርክ ሄደች። ሆሣዕና በሩን ከፍታ ቄሱን ስታይ ጭንቅላቷን ያዘች።

«እናቴን! እማምዬን!»

እናቷ ደብረ ታቦር በጠና ታመው ከተኙ ከርመዋል።

«አባትሽ ናቸው፣ ልጄ» አሏት ቄሱ።

«አባዬ? አባዬማ ደኅና ነው። ተሳስታችሁ ነው።» እንባ አልወጣትም። «በቤቱ ነገር ተጣልተን ትናንት ስልክ ዘጋሁበት እኮ...»

ከዚያ ፓርክዴል ሄዱ። እዝራ ነጠላ ለብሰው የቆሙትን ሽማግሌዎች ገና ሲያይ ወለሉ ላይ ተዘረረ። «አባብዬ! አባብዬ!» እያለ ደረቱን ደቃ። ሽማግሌዎቹ አብረውት አለቀሱ።

ሳጅን ማርቲን ራቅ ብሎ ቆሞ ሁለቱንም አይቷል፤ የተባለውንም ተናኜ ተርጉማለታለች። «ልጁ አባቱን ይወዳል። እኅቱ ግን ድራማ ሠርታለች፤ የተጣላችውም እሷ ናት። ዛሬውኑ አስራታለሁ።»

ተናኜ «ትንሽ ታገሠኝ» አለችው። ሆሣዕና ሁለት ሕፃናት ብቻዋን እንደምታሳድግ ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ የሆሣዕና ሳሎን በለቀስተኛ ተሞላ። ተናኜ እኅትና ወንድሙን፣ ደላላውን፣ ቄሱንና ማርቲንን መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሰብስባ በሩን ዘጋች።

«እዝራ፣ ከቄሱ በፊት የነገረህ ሰው ነበር?»

«ማን ይነግረኛል፣ እትዬ ተናኜ? ስልኬን ዘግቼ ተኝቼ ነበር።»

«ባስልኤልስ?»

«እኔ?» ባስልኤል አንገቱ ላይ ያለውን ክር ያዘ። «ማተቤን!»

«አንተ እንዳልነገርከው አውቃለሁ፤ ስልክህ እኔ ጋ ነው ያደረው። እንግዲህ ስሙኝ። አገር ቤት በሽተኛ ያለው ሰው መርዶ ነጋሪ በሩ ላይ ሲቆም ማንን ይጠራል? በሽተኛውን። ሆሣዕና እናቷን ጠራች። አባቷ ጤነኛ ናቸው፤ ልቧ በምን በኩል ወደሳቸው ይሂድ? ሳጅን ይኼን ድራማ ነው ብሎታል፤ አይፈረድበትም፣ የኛን መርዶ አያውቅም። አንተ ግን፣ እዝራ፣ እናትህ በሞትና በሕይወት መሐል ሆነው፣ ማንም ሳይነግርህ አባትህን አለቀስህ።»

ተናኜ ወደ እዝራ ቀረብ አለች።

«ጋቢውን ያለበሳቸውም የሚወዳቸው ሰው ነው። ልቅሶህ የእውነት ነበር፤ የያዘህም እሱው ነው።»

እዝራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አክሲደንት ነው። ሰሌዳውን ነቅሎ ወደ ላይ ሲያወጣ ደረስኩ። ‹አልሸጥም፤ እናታችሁን አምጥቼ እዚህ መስኮት ላይ አስቀምጣታለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ በሽያጩ ላሳክማት ነበር። ሰሌዳውን ልቀማው ስል ገፋሁት። ደረጃው አናት ላይ መሆናችንን ረሳሁት...»

«ሰው ለምን አልጠራህም?»

«ፈራሁ።»

ሆሣዕና የወንድሟን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ልትመታው ይሁን ልትስመው እሷም ያወቀች አልመሰለም።

«እትዬ» አለች ዞር ሳትል፣ «አባዬንስ እሺ። ይኼንን ምን ብዬ ላልቅሰው?»

ማርቲን ካቴናውን ሲያወጣ ተናኜ እጁን ያዘችው።

«ውጭ። እዚህ የልቅሶ ቤት ነው።»

በሩ ተከፈተ። በሳሎኑ ያሉት ለቀስተኞች ምንም ያወቁት ነገር የለም። የሟቹን ልጅ ሲያዩ ሁሉም ብድግ አሉ።

«እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።» «እግዜር ያጽናህ።»

እዝራ አንገቱን ደፍቶ፣ ለእያንዳንዳቸው «አሜን» እያለ ወጣ።