ጋሽ ጥራትና አውራ ዶሮው

«የተጨመቀ ፎቶ ይሞታል።»

ፎቶ አንሺው ይህችን አባባል ለገባ ለወጣው ይደግማታል። ከማን ሰማህ ሲሉት «ሙያተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነው» ይላል፤ ያ ሙያተኛ ግን አንድም ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። ሰፈርተኛው «ጋሽ ጥራት» ብሎ ስም ቢያወጣለት፣ እሱ ቀልዱን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ማስረጃም አለው። ከስቱዲዮው በር ፊት ለፊት አንገቱን የሰገገ የአውራ ዶሮ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። ደንበኛውን ክንዱን ይዞ ያስጠጋና «ላባውን አንድ በአንድ ቁጠረው። ያልተጨመቀ ማለት እንዲህ ነው» ይላል።

እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። ሙያውን ሲጀምር የአንዲት ሙሽራ ፎቶ በዝቅተኛው ጥራት አስቀምጦ፣ ባረመ ቁጥር ፋይሉ እንዲቀል እዚያው ላይ ደጋግሞ ሲጨምቀው፣ የሙሽራዋ ጉንጭ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ መስሎ ቀርቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጥፋቱ የአጨማመቁ ይሆን ብሎ ራሱን አልጠየቀም፤ መጨመቅን ረገመና ዐረፈው።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ መጣች። አዳዲስ ሰፊዎችን የሚመርጥ ኤግዚቢሽን የሥራቸውን ፎቶ በድረ ገጹ የሚቀበለው እስከዚያ ቀን እኩለ ቀን ብቻ ነበር። ከተመረጠች ጓዳ ውስጥ ተደብቆ መስፋት ይቀርላታል። ጋሽ ጥራት ቀሚሶቿን አሳምሮ አንስቷቸዋል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ኢንተርኔቱ ግማሽ ድረስ ይገፋና ይቋረጣል፤ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቋረጣል።

አብራው የምትሠራው የእህቱ ልጅ ላሳንሰው ብትለው ዓይኑን አፈጠጠባት።

«እኔ የለፋሁበትን ልታጨማድጂው ነው?»

«ኦርጅናሉን ማን ነካብህ፣ ጋሼ? ኮፒውን ለስክሪን በሚበቃ ስፋት አደርግና ጥራቱን ሰማንያ በመቶ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዓይን የማያየውን ነው የምጥለው። ልዩነቱን ካገኘኸው ያኔ ተቆጣኝ።»

ልብስ ሰፊዋም ትንሽ ቢደበዝዝ ግድ የለም፣ ብቻ ይሂድልኝ ብላ ለመነች። እሱ ግን የራስሽን ሥራ አታዋርጂ ብሎ አፏን አስያዛት። ኢንተርኔቱ ሲገፋና ሲወድቅ እኩለ ቀን ሆነ፤ ገጹም ምዝገባ መዘጋቱን አሳወቀ።

ሴትየዋ አልጮኸችም። ቦርሳዋን አነሳችና «ፎቶው እንኳ ያምራል፣ ጋሼ» አለችው። «የሚያየው ጠፋ እንጂ።»

እሷ ከወጣች በኋላ ልጅቱ አንዱን ቀሚስ ጎን ለጎን ሁለት አድርጋ ከፈተችለት፤ አንዱ ኦርጅናል፣ አንዱ የተጨመቀ። የሞተውን አሳየኝ አለችው። መነጽሩን ጠረገ፣ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ፣ ስፌቱን ክር በክር መረመረ፤ በመጨረሻ በሙሉ ልብ ወደ ግራው ጠቆመ።

ግራው ኦርጅናሉ ነበር።

ያን ዕለት በእግሩ ሄዶ ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለሚቀጥለው ዙር ራሴ እልክልሻለሁ አላት። ከዚያ ወዲህ ኦርጅናሉን አስቀምጦ ከኮፒው ይሠራል። ስፋቱን ፎቶው በሚታይበት ቦታ ይለካል፤ ልኩን ጠብቆ አንዴ ብቻ ይጨምቃል፤ ከመላኩ በፊት ደግሞ በዓይኑ ያስተያያል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ወሬ ሰምቶ የሰው ዕድል ከመዝጋት፣ ጠጋ ብሎ ማየት ምን ይጎዳል? ሰው ዘንድ ያልደረሰ ፎቶ ቢጠራም ቢደበዝዝም ያው ነው።

ሳምንት ሳይቆይ የአውራ ዶሮውን ፎቶ ያተመለት የማተሚያ ቤት ባለሙያ የተሰነጠቀውን የፍሬሙን መስታወት ሊቀይር መጣ። ጋሽ ጥራት አዲሱን እምነቱን እንደ ጉድ ሲያወራለት፣ ሰውየው ፍሬሙን እያገላበጠ ፈገግ አለ።

«ያኔ ፋይልህ ከብዶ ማሽኑ አልከፍት ቢለኝ፣ ይህን አውራ ዶሮ ጨምቄ ነው እኮ ያተምኩት።»